ዓባይን ነጃሺ ያለው ፊልም

ድሬዳዋ አጠገብ ባለችው መልካ ጀብዱ ማምሻውን ሙቀቱ በረድ ሲል፣ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ከስልኬ አንድ የቆየ የዓረብኛ ዘፈን ከፈትኩ። ልጅነታቸውን መጋላ ሰፈር ከየመን ነጋዴዎች ልጆች ጋር ያሳለፉ አንዲት እናት ጆሯቸውን ቀና አድርገው፣ «ነጃሺ አለ እንዴ? እስቲ መልሰው አቦ!» አሉኝ። ልክ ነበሩ። የዘፈኑ ርዕስ «አን-ኒል ነጃሺ» ነው፤ ዓባይ ነጃሺ ነው እንደማለት።

ዘፈኑ ያለበት ፊልም «አል-ወርዳ አል-በይዳ»፣ ነጩ ጽጌረዳ፣ ካይሮ ውስጥ የታየው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1933 ነው። ጀላል የተማረ ግን ድሃ ወጣት ነው። በአንድ ባለርስት ቤት ጸሐፊ ሆኖ ይቀጠርና ከጌታው ልጅ ከረጃእ ጋር ይፋቀራል፤ ነጭ ጽጌረዳ ትሰጠዋለች። እንጀራ እናቷ ግን ለገዛ ወንድሟ አስባታለች። ጀላል ከቤቱ ይባረራል፤ ስመ ጥር ዘፋኝ ይሆናል፤ ፍቅሩን ግን ያጣል። የሚወዳትን የተከለከለ ድሃ ወጣት ታሪክ ለእኛም አገር ሰው ባዳ አይደለም።

ጀላልን ሆኖ የሚጫወተው መሐመድ አብደል ወሃብ ነው፤ የመጀመሪያ ፊልሙ ነበር። ያኔ ግብፅ ውስጥ ለድምፅ ፊልም የተሟላ ስቱዲዮ አልነበረም፤ ስቱዲዮ ምስር የተከፈተው በ1935 ነው። ስለዚህ አዘጋጁ መሐመድ ከሪም ተዋንያኑን ይዞ ፓሪስ ድረስ መሄድ ነበረበት። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ካሜራው ዘፈኑን የለወጠበት መንገድ ነው። መድረክ ላይ ዘፋኙ ታዳሚው «ድገመው!» ባለ ቁጥር አንዱን ስንኝ እየመላለሰ ሊያስረዝመው ይችላል። ፊልም ግን አይጠብቅም። የዚያ ዘመን ሸክላም በአንድ ገጹ ከሦስት ደቂቃ ብዙም አያልፍም። አብደል ወሃብ ዘፈኑን አሳጠረ፤ በአንዱ ዘፈን ውስጥ ደግሞ የሩምባ ምት አስገባ። ከዚያ በኋላ ዘፋኙን ጀግና ያደረገ ፊልም በግብፅ በረከተ፤ ኡም ኩልሱምም በ1936 «ዊዳድ»ን ይዛ ብቅ አለች።

«አን-ኒል ነጃሺ»ን የጻፈው አብደል ወሃብን እንደ ልጁ ያቀረበው ታላቁ ገጣሚ አሕመድ ሸውቂ ነው። ሸውቂ በረቀቀው የመጽሐፍ ዓረብኛ የታወቀ ሰው ቢሆንም ይህን በካይሮ ሰው አፍ ጻፈው። ነጃሺ ያለው ቃል የእኛው የግዕዙ «ነጋሢ» ነው። በ615 የነቢዩ መሐመድን ስደተኞች አክሱም ላይ የተቀበለውን ንጉሥ የዓረቡ ዓለም እስከ ዛሬ በዚህ ስም ይጠራዋል። ገጣሚው ወንዙን የምንጩን አገር ንጉሥ ማዕረግ ሰጥቶ ጠይም መልኩን ያወድሰዋል። ስለ ዓባይ በሁለቱ አገሮች መካከል ብዙ ክፉ ቃል በተነገረበት በእኛ ዘመን፣ ይህ ስም ከካይሮ ሲዘፈን መስማት ልቤን ያሞቀዋል።

ሸውቂ የሞተው በኦክቶበር 1932 ነበር። ፊልሙን አላየውም።