ደመና የቀን ጥላ፥ የሌሊት ጋቢ
(ከሀብሩ እስከ ሰሜን ዋልታ)

ስለ ደመና በተነሣ ቁጥር በአገራችን የሚቀርበው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ይኸውም «ይዘንባል ወይስ አይዘንብም?» የሚለው ነው። ኑሮው በዝናብ ላይ ለተመሠረተ ሕዝብ ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ደመና አንዲት ጠብታ እንኳ ሳያወርድ የሚፈጽመው ሌላ ትልቅ ሥራ አለው፤ የምድርን ሙቀት ይቆጣጠራል። በዚህ ጽሑፍ የምንገልጸው ይህንኑ ሥራ ሲሆን፥ ምሳሌያችንን መጀመሪያ ከወልድያ፥ ከመርሳና ከሀብሩ፥ ቀጥሎም ደመና ከባሕር በረዶ ጋር ከሚገናኝበት ከሰሜን ዋልታ እንወስዳለን።

ደመና ሁለት ጠባይ አለው። ቀን የፀሐይን ብርሃን ወደ ላይ ስለሚመልስ ጥላ ነው። ምድር ደግሞ በዓይን በማይታይ ጨረር አማካይነት ሙቀቷን ቀንም ሌሊትም ወደ ሰማይ ትለቃለች። ደመና ይህን ጨረር ውጦ ከፊሉን ወደ ምድር ስለሚመልሰው ጋቢም ነው ለማለት ይቻላል። ጥላነቱ ፀሐይ ባለችበት ሰዓት ብቻ ነው፤ ጋቢነቱ ግን አይቋረጥም። የመላው ዓለም ሒሳብ ሲጠቃለል ጥላነቱ ያይላል፤ ደመናዎች ከእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ በአማካይ ወደ 20 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ይቀንሳሉ። በአንድ ቦታና በአንድ ሰዓት የትኛው እንደሚያይል የሚወስኑት ግን ሦስት ነገሮች ናቸው፤ እነርሱም የፀሐይ ከፍታ፥ የደመናው ዓይነትና ከደመናው በታች ያለው ወለል ናቸው።

ሰሜን ወሎ ይህን ለመመልከት የተመቸ አገር ነው። የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ትገኛለች። ከእርስዋ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለችው ወልድያ 2,100 ሜትር ገደማ ናት። ከወልድያ በድልብ በኩል ሽቅብ የወጣ መንገደኛ ጋሸና ሲደርስ ወደ 3,000 ሜትር ተጠግቷል። አየር በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፥ በመርሳና በጋሸና መካከል የሚኖረው ልዩነት ወደ 9 ዲግሪ ይደርሳል። ስለዚህም በታች ማሽላና ጤፍ፥ በላይ ገብስ ይዘራል።

አሁን የደጋውን ሌሊት እንመልከት። በኅዳር፥ በታኅሣሥና በጥር ሰማዩ ይጠራል፤ አየሩም ይደርቃል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ምድር የምትለቀውን ሙቀት የሚመልስላት ስለሌለ በፍጥነት ትቀዘቅዛለች። የቀዘቀዘው አየር ከባድ በመሆኑ እንደ ውሃ ቁልቁል እየፈሰሰ በረባዳው ቦታ ይተኛል። ከተዳፋቱ ማሳ ይልቅ የረባዳው ማሳ ቀድሞ በውርጭ የሚመታው በዚህ ምክንያት ነው። ዝቅ ያለ ወፍራም ደመና በሸፈነው ሌሊት ግን ከምድር ከሚወጣው ሙቀት የሚበልጠው ክፍል ስለሚመለስ ውርጭ ብዙ ጊዜ አይወርድም።

ነገሩ ከዝናብ ጥያቄ ጋር የሚገናኘውም እዚህ ላይ ነው። ዝናቡ ዘግይቶ ከገባ ዘሩም ዘግይቶ ይዘራል፤ ዘግይቶ የተዘራው ሰብል ደግሞ ሳይደርስ፥ ገና አረንጓዴ ሳለ፥ ሰማዩ ይጠራል። ደጋው ገበሬ በዘገየ ዝናብ ያጣውን ያህል እንደገና በውርጭ ሊያጣ ይችላል። በሀብሩም የበልጉ ዝናብ ሲቀር ብዙ ወር የሚቆየውን ማሽላ ትቶ በክረምቱ ቶሎ የሚደርስ እህል መዝራት የተለመደ ነው። በወልድያና በመርሳ መካከል፥ በሀብሩ ወረዳ የሚገኘው የስሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል እንዲህ ላለው አጭር ወቅት ቶሎ የሚደርሱ ዘሮችን ሲመርጥ የቆየው ስለዚህ ነው። በ1965 እና በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ወሎ ላይ የደረሰውን ለሚያስታውስ ሰው፥ የሰማዩ ጠባይ የመጽሐፍ ጥያቄ ብቻ አይደለም።

ወለል ያልነውን ሦስተኛውን ነገር ለማስረዳት የሀብሩን እርሻ ከዋልታው ባሕር ጋር እናስተያይ። ታርሶ የተከፈተ ጥቁር አፈር ከወረደበት የፀሐይ ብርሃን የሚመልሰው ከመቶ 10 ያህሉን ብቻ ነው፤ የቀረውን ይውጠዋል። ስለዚህ በመርሳ ሜዳ ላይ እኩለ ቀን የመጣ ደመና ብዙ ሙቀት ያስቀራል። ትኩስ በረዶ የለበሰ የባሕር በረዶ ግን ራሱ ነጭ በመሆኑ ከመቶ 80 ያህሉን ይመልሳል። በላዩ የመጣ ደመና የሚጨምርለት ጥላ ጥቂት ነው፤ ጋቢነቱ ግን አይቀነስም። በክረምት ደግሞ ፀሐይ በዚያ ለወራት ስለማትወጣ ጥላ የሚባል ነገር ጨርሶ የለም። እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 1998 ሊቃውንት መርከባቸውን በበረዶ አስይዘው አንድ ዓመት ያህል ሲለኩ ያገኙት ይህንኑ ነበር፤ በዚያ ደመና ከሙቀቱ ወራት ጥቂት ሳምንታት በቀር ዓመቱን ሙሉ ወለሉን ያሞቃል። ፖላርሽተርን የተባለችው የጀርመን መርከብም እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2020 በተመሳሳይ መንገድ ከበረዶው ጋር እየተንሳፈፈች ልኬቱን አስፋፍታዋለች።

ዓለም ሲሞቅ ይህ ሒሳብ ይለወጣል። ሳተላይቶች መለካት ከጀመሩበት ከ1979 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የመስከረም ወር የሰሜን ዋልታ የባሕር በረዶ በየአሥር ዓመቱ ከመቶ 12 ያህል ቀንሷል። በ2012 (እ.ኤ.አ.) ወደ 3.4 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር፥ ማለት የኢትዮጵያን ስፋት ሦስት እጥፍ ያህል ብቻ ሆኖ ነበር። በረዶው ሲገፈፍ የሚገለጠው ጥቁር ባሕር ከብርሃኑ የሚመልሰው ከመቶ 10 ያነሰ ስለሆነ ሙቀቱን ይውጣል።

ታዲያ ደመና በዝቶ በጥላው ባሕሩን አያድነውምን? መልሱ በወሩ ላይ የተመሠረተ ነው። ፀሐይ በምትበረታበት ከሰኔ እስከ ነሐሴ ከባሕሩ በላይ ያለው አየር ከባሕሩ ስለሚሞቅ ተኑ ሽቅብ አይነሣም፤ ስለዚህ በረዶው በመገፈፉ ምክንያት ደመናው ይህን ያህል ሲጨምር አልታየም። ከመስከረም በኋላ ግን አየሩ ይቀዘቅዛል፤ ሙቀት ያከማቸው ባሕርም ተኑን ይለቃል፤ ዝቅ ያለ ደመናም ይበዛል። በዚያን ጊዜ ፀሐይዋ ስላዘቀዘቀች ደመናው ጥላ ሳይሆን ጋቢ ይሆናል፤ ባሕሩም መልሶ እንዳይረጋ ያዘገየዋል። ዘግይቶ የረጋ በረዶ ቀጭን ነው፤ ቀጭኑም በሚቀጥለው ዓመት ቀድሞ ይቀልጣል።

ከዚህ የምንረዳው ደመና በራሱ አሞቂ ወይም አቀዝቃዥ አለመሆኑን ነው። የሚወስነው ሰዓቱ፥ ወራቱና ወለሉ ነው። የዓለምን ሙቀት አስቀድመው ለመገመት በሚደክሙት ሊቃውንት ዘንድ ዛሬም እጅግ አስቸጋሪው ነገር ደመና የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ለወረዳዎቻችንም «ዝናቡ ስንት ሚሊሜትር ነበር?» ከሚለው ጋር «ደመናው በስንት ሰዓት መጣ? ሌሊቱን አደረ ወይስ ተገፈፈ?» ብሎ መጠየቅ የሚጠቅመው ስለዚሁ ነው።

ይህን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በዓለም የተለመደው ዘዴ ሰማዩን በዓይን ስምንት እጅ አድርጎ ከፍሎ፥ ስንት እጁ እንደ ተሸፈነ መጻፍ ነው። በወልድያና በመርሳ ያሉ ተማሪዎች በየቀኑ በጧት፥ በቀትርና በምሽት ይህን ቁጥር ከቴርሞሜትር ንባብ ጋር ቢመዘግቡ፥ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ገበሬው ውርጭን አስቀድሞ እንዲጠብቅ የሚረዳ መዝገብ ይኖራቸዋል። በዚህ ዓመት ከጥቅምት ጀምሮ ሥራው እንዲጀመር ለተማሪ ጓደኞቻችን እናሳስባለን።