ፖፖ ያልለመደ ሕፃንና የማቆያ ፍለጋ

በዱከም የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን የምትሠራ እናት፣ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተፈቀደላት የ90 ቀን የድኅረ ወሊድ ፈቃድ ሲያበቃ፣ ልጇ ሽንቱን እስኪቆጣጠር ገና ብዙ ጊዜ ይቀራልና፣ «ፖፖ ያልለመደ አንቀበልም» የሚል ማቆያ ሲገጥማት መጨነቋ እሙን ነው።

ይሁን እንጂ አብዛኞቹ ሕፃናት ፖፖ ለመልመድ የሚበቁት ከ18 ወር እስከ 3 ዓመት ባለው ዕድሜ፣ አካላቸውና ልቡናቸው ሲጎለምስ ስለ ሆነ፣ በቁጣና በተግሣጽ ማስቸኮል ፍርሃትንና የሆድ ድርቀትን ከማስከተል በቀር ረብ የለውም።

ስለዚህ በሕፃናት ነርስነቴ የምመክራችሁ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁን ከማስመዝገባችሁ በፊት ዳይፐር መቀየሪያው ከምግብ ማዘጋጃው የተለየ መሆኑን፣ ሞግዚቷም ከእያንዳንዱ ቅየራ በኋላ እጇን በሳሙና መታጠቧን በዓይናችሁ መርምሩ፤ ልብሱን ያረጠበውን ሕፃን የሚያሳፍር ማቆያ ግን፣ ዋጋው ቢረክስም፣ አትምረጡ።