ፀጉር አልባዋ የድመት ልጅ



የደብረ ታቦርን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል። ከጉና ተራራ የሚወርደው ነፋስ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ጋቢ ደርበውም አያስተኛም። የቤት ድመቶችም ማታ ማታ ከምድጃው ዳር አይነሡም። በዚህ አገር ያለ ፀጉር መወለድ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

ጉዳዩን ያነሡልን በከተማዋ የሚኖሩ አንዲት እናት ናቸው። ከጎታው አይጥ የምታባርርላቸው ድመት አራት ልጆች ወለደች። ሦስቱ እንደ ማንኛውም የድመት ልጅ ናቸው። አራተኛዋ ግን ራቁቷን፣ ቆዳዋ የተሸበሸበ ሆና ተገኘች። ጎረቤት «ገደ ቢስ ናት፣ ጂን ነክቷታል፣ ወስዳችሁ ጣሏት» አለ፤ ልጆቹ አለቀሱ። እናትየዋን ያስጨነቃቸው ግን ሌላ ነው። በሽታ ቢሆንና ወደ ልጆቼ ቢተላለፍስ?

የገደ ቢስነቱን ወሬ ቶሎ እንለፈው፤ በእንስሳ ገድ ማለት እስልምና ያወገዘው የጃሂሊያ ልማድ ነውና። የእናትየዋ ፍርሃት ግን ተገቢ ነው። የድመት ፀጉር የሚረግፍበት ምክንያት ብዙ ነው፤ አንዱ ደግሞ በእርግጥ ወደ ሰው ይተላለፋል። እሱም በሰው ገላ ላይ ሲወጣ ጭርት፣ በልጆች ራስ ላይ ሲወጣ ቆረቆር የምንለው የፈንገስ በሽታ ነው። ይህ በሽታ ድመቷን ብዙውን ጊዜ ከፊቷ፣ ከጆሮዋ ወይም ከእግሯ ጀምሮ ቦታ ቦታ ያራግፋታል፤ ቆዳው ይቀረፋል፣ ፀጉሩም ተሰባብሮ ይቀራል። አብሯት የሚተኛ ልጅ ክብ ቁስል ካወጣ ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ፣ ድመቷን ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ነው። ከተወለደች ጀምሮ መላ ገላዋ እኩል የተራቆተ፣ ቆዳዋም ያልቆሰለና የማያሳክካት ከሆነ ግን ነገሩ ከዘር የመጣ ሳይሆን አይቀርም። እንዲህ ያለው ወደ ሰውም ሆነ ወደ ሌላ ድመት አይጋባም። ቢሆንም ቁርጡን የሚነግረን ሐኪም ነው።

«እናቷም አባቷም ፀጉራም ሆነው እንዴት?» ይባል ይሆናል። በ1966 እ.ኤ.አ. በካናዳ፣ ቶሮንቶ ከተማ ከተራ የቤት ድመት እንዲህ ያለ ራቁት ልጅ ተወልዶ ነበር። ዛሬ ስፊንክስ የሚባለው ዝርያ ታሪክ የሚጀምረው ከዚያ ነው። በ2010 ተመራማሪዎች ምክንያቱን አገኙት፤ ለፀጉር ሥር የሚያስፈልገውን ኬራቲን የተባለ ፕሮቲን የሚያሠራው አንድ ጂን (ከላይ ያልነው ጂን አይደለም!) ተበላሽቷል። ጉድለቱ ድብቅ ነው። እናትና አባት እያንዳንዳቸው አንድ የተበላሸና አንድ ደህና ጂን ቢይዙ እነሱ ፀጉራም ይሆናሉ፤ የሚወለደው ልጅ ግን ከሁለቱም የተበላሸውን የመውረስ ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። በሩሲያ፣ ሮስቶቭ አካባቢ በ1987 የተገኘው ዝርያ ግን ከአንድ ወላጅ ብቻ ይወርሳል።

ሁሉም ግን የፀጉር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በርማን በተባለው ዝርያ ውስጥ በ2015 የታወቀ ሌላ የጂን ጉድለት አለ። የእሱ ልጆች ራቁታቸውን ከመወለዳቸው በላይ በሽታ ተከላካይ ሕዋሳት የሚበስሉበት ታይመስ የተባለው ዕጢ የላቸውም፤ አብዛኞቹም ዓመት ሳይሞላቸው በቀላል በሽታ ይሞታሉ። ስለዚህ ራቁት የተወለደች ድመት እየከሳች ወይም ደጋግማ እየታመመች ከሄደች ጥፋቱ የቤተሰቡ ነው ብለን አንፍረድ።

ጤነኛ ከሆነች ግን መኖር ትችላለች፤ አያያዟ ነው የሚለየው። ሙቀቷን ቶሎ ስለምታጣ ከእኅቶቿ የበለጠ ትበላለች። ምድጃ ዳር ብቻዋን መተው አደገኛ ነው፤ ከፍም የሚከልላት ፀጉር የለም። የደጋው ፀሐይም ቆዳዋን ያቃጥለዋል። ፀጉር የሚመጠው የቆዳ ቅባት በላይዋ ስለሚጠራቀም አልፎ አልፎ ለብ ባለ ውሃ አጥቦ ወዲያው ማድረቅ ያስፈልጋል። ስታድግም ከወንድሞቿ ጋር እንዳትራባ መለየት ይገባል።

በውጭ አገር እነዚህን ድመቶች ለውበት ብለው በብዙ ገንዘብ የሚያራቡ አሉ። እኛ ይህን አንወደውም። ኔዘርላንድም ፀጉር አልባ ድመቶችን መያዝ ከ2026 መባቻ ጀምሮ ከልክላለች፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ድመት አካባቢዋን የምትዳስስበትን ጢም ማጣታቸው ነው። ሳትፈለግ በቤታችን የተወለደችው ግን ሌላ ናት፤ እሷ አማና ናት።

አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) ለውዱእ የተቀዳላቸውን ውሃ ድመት ልትጠጣ ስትመጣ ዕቃውን አዘንብለው እንዳጠጧት፣ የልጃቸው ሚስት ከብሻም ተገርማ ብትመለከታቸው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ድመት ነጃሳ እንዳልሆነችና በመካከላችን የምትዘዋወር መሆኗን መናገራቸውን እንደነገሯት አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበዋል። ድመት አስራ ሳታበላና ሳትለቅ የገደለችው ሴት በእሳት መቀጣቷንም ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። በሐዲሶቹ ውስጥ ስለ ፀጉሯ የተነሣ ነገር የለም።

እናትየዋን በሌላ ጊዜ ስናገኛቸው ድመቷ በሕይወት ነበረች። ታላቁ ልጅ ያረጀ ሹራቡን እጅጌ ቆርጦ ለእግሮቿ ቀዳዳ አውጥቶ አልብሷታል። «እጅጌውን የቆረጠው ሳያስፈቅደኝ ነው» አሉን፤ እየሳቁ።