አሊዩ አምባ ላይ የተማርኩት ሕግ

ባለፈው ሰሞን አሜሪካ ሕግ የምትማረው የእህቴ ልጅ ደወለችልኝ። "ጋሼ፣ ደስ ይበልህ! አንድ ትልቅ የጥብቅና ድርጅት ለበጋው ተቀበለኝ" አለችኝ። በጋው ስትል የእነሱን በጋ፣ የእኛን ክረምት ማለቷ ነው። መርቄ ሳልጨርስ ጥያቄ አስከተለች።

"አንተስ ተማሪ ሳለህ የት ነበር የተለማመድከው?"

"አሊዩ አምባ።"

"እሱ ደግሞ የማን ድርጅት ነው?"

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ጥያቄዋ ከአእምሮዬ አልወጣም። እዚያና እዚህ የሕግ ተማሪ ከመጽሐፍ ወደ ሥራ የሚሻገርበት ድልድይ ምን ይመስላል? ልጆቻቸውን ሕግ ለሚያስተምሩም፣ በየቢሯቸው ተለማማጅ ለሚቀበሉም ይጠቅም እንደሆነ በማለት የማውቀውን ልጻፍ።

የእነሱ በጋ

አሜሪካ ውስጥ ሕግ የሚጠናው ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ሲሆን ሦስት ዓመት ይወስዳል። ትልልቆቹ የጥብቅና ድርጅቶች ተማሪዎችን የሚያጩት አስቀድመው ነው። ተማሪው ሁለተኛውን ዓመት ሲጨርስ አሥር ሳምንት ለሚሆን ጊዜ "ሰመር አሶሲዬት" ተብሎ ይቀጠራል። ክፍያው እንደ ጀማሪ ጠበቃ ተሰልቶ ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. ማብቂያ የኒውዮርክ ታላላቅ ድርጅቶች የጀማሪ ጠበቃን ደመወዝ በዓመት 225 ሺህ ዶላር አድርሰውታል። ለተማሪው ሲመነዘር በሳምንት ከ4 ሺህ 300 ዶላር በላይ ይሆናል ማለት ነው።

ሥራው ምንድን ነው ቢሉ፣ በአንድ ጠባብ የሕግ ጥያቄ ላይ ጥናት ማድረግና ማስታወሻ መጻፍ፣ የውል ረቂቅ ማንበብ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ሰነዶችን ማገላበጥ፣ ከቀናውም ፍርድ ቤት ሄዶ ከኋላ ወንበር ማዳመጥ ነው። ምሳ ግብዣው፣ የእራት ፕሮግራሙና የኳስ ጨዋታው ታዲያ አይቀርም። ድርጅቱ ተማሪውን ይፈትናል፤ ተማሪውን ለራሱ ያባብላልም። በመጨረሻ ለአብዛኞቹ የሥራ ጥሪ ይደርሳቸዋል። እንግሊዞችም "ቫኬሽን ስኪም" የሚሉት አጠር ያለ ተመሳሳይ ሥርዓት አላቸው።

የዚያ አሠራር ትልቁ ጥቅም እንደኔ እንደኔ ገንዘቡ አይደለም። ተማሪው የጻፈው ማስታወሻ ደንበኛው ዘንድ ከመድረሱ በፊት ልምድ ያለው ጠበቃ ያነበዋል፤ በቀይ ብዕር ይሞነጭረዋል። የሠራው ስህተት ከቢሮ አይወጣም። ይህቺን ነጥብ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

የእኛ ነገር

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ በመጀመሪያ ነገር "ትልቅ የጥብቅና ድርጅት" የሚባለው በሕግ የተፈቀደው በቅርቡ ነው። በ1992 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 199 የጥብቅና ፈቃድ የሚሰጠው ለግለሰብ ነበር። ጠበቆች ቢሮ ተጋርተው ቢሠሩም ድርጅት ሆነው መቆም አይችሉም ነበር። ይህ የተለወጠው በ2013 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1249 ነው። ስለዚህ የእኔ ዘመን ተማሪ በጋውን የሚያሳልፍበት ድርጅት አልነበረውም።

ሌላም አለ። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ከነሐሴ 1 እስከ መስከረም 30 ለእረፍት ይዘጋሉ፤ አስቸኳይ ጉዳዮችን የሚያዩ ተረኛ ችሎቶች ብቻ ይቀራሉ። ተማሪው እረፍት ሲወጣ ዳኛውም እረፍት ይወጣል ማለት ነው። በክረምት ልለማመድ ቢል ከባዶ ችሎት ጋር ይፋጠጣል።

ክፍተቱን ለመሙላት በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው የሕግ ትምህርት ማሻሻያ ትምህርቱን የአምስት ዓመት አድርጎ፣ "ኤክስተርንሺፕ" የተባለ የተግባር ልምምድ ጨመረበት። ተማሪው ፍርድ ቤት፣ ዐቃቤ ሕግ ወይም ጠበቃ ዘንድ ተመድቦ ይሠራል፤ የዕለት ማስታወሻ ይይዛል፤ ሪፖርት ጽፎ ነጥብ ያገኛል። ደመወዝ የለውም። ዩኒቨርሲቲዎችም በየአካባቢው ለአቅመ ደካሞች ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ማዕከሎች ከፈቱ። እኔን አሊዩ አምባ ያደረሰኝ ይኸው ነው።

ቁልቁል ከአንኮበር

አሊዩ አምባ ከአንኮበር ተራራ ሥር፣ ወደ ምሥራቅ ቁልቁል ሲወርዱ የምትገኝ አሮጌ የንግድ ከተማ ናት። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከባሕር በር በአፋር በረሃ አቋርጦ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ግመሉን የሚያራግፈው፣ አሞሌውም የሚመነዘረው እዚህ አካባቢ ነበር። በ1841 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ መንግሥት መልዕክተኛ የነበረው ካፒቴን ሐሪስ ወደ ሸዋ ሲመጣ በዚሁ በኩል አልፏል። አርጎባውና አማራው፣ እስላሙና ክርስቲያኑ ለዘመናት ሲገበያዩ የኖሩባት ናት። ገበያ ባለበት ደግሞ ውል አለ፤ ውል ባለበት ክርክር አይጠፋም።

2004 ዓ.ም. ነው። እኔና አንድ የክፍሌ ልጅ በገበያ ቀን ከተራራው እየወረድን፣ በተዋስናት አንዲት ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግተን "ነጻ የሕግ ምክር" እንላለን። ከደጃችን አለፍ ብሎ ዣንጥላ ሥር አንድ አረጋዊ ራፖር ጸሐፊ ይቀመጣሉ። እሳቸው ያስከፍላሉ፤ እኛ አናስከፍልም። ሆኖም ሰዉ የሚሰለፈው እሳቸው ዘንድ ነበር። ለምን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ጊዜ አልፈጀብኝም።

የአያት ስም

ከመጀመሪያዎቹ ባለጉዳዮቼ አንዷ ባላቸው የሞቱባቸው እናት ነበሩ። መሬታቸውን ለአንድ ሰው እኩል እንዲያርስ ሰጥተውት፣ ሰውየው ምርቱንም መሬቱንም ይዞ ቀርቷል። በእጃቸው የይዞታ ደብተራቸው አለ፤ የእሳቸውና የሟች ባላቸው ፎቶግራፍ ተለጥፎበታል።

"ልጄ፣ ወላሂ ሌላ የለኝም" አሉኝ።

"አይዞዎት እማማ፣ ሕጉ ከእርስዎ ጋር ነው" አልኳቸው። አፌን ሞልቼ።

ሌሊቱን ክሱን ጻፍኩት። በወቅቱ ይሠራበት የነበረውን የክልሉን የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 133/1998 ጠቀስኩ፤ ሕገ መንግሥቱን ጠቀስኩ፤ የሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔም አልቀረኝም። የዳኝነት ክፍያ እንዳይጠየቁ በደሃ ደንብ እንዲስተናገዱ አመለከትኩ። አራት ገጽ ሆነ። ተከሳሹን ግን በስሙና በአባቱ ስም ብቻ ጽፌ፣ አድራሻው ላይ ቀበሌውን አስቀምጬ አለፍኩ። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 222 በክስ ማመልከቻ ላይ ምን ምን መጻፍ እንዳለበት ይዘረዝራል፤ የተከሳሹ ስምና አድራሻ እዚያው ውስጥ አለ። ለፈተና በቃሌ ሸምድጄዋለሁ።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። እናታችን ሌሊት ተነስተው ዳገቱን ወጥተው መጡ። መጥሪያ የደረሰው ተከሳሽም ቀረበ። ሴትየዋ ቀና ብለው አዩትና "ይሄ አይደለም" አሉ።

ሰውየው ላብ በላብ ሆኗል። በዚያ ቀበሌ በየመንደሩ የሚገኝ ስም ነው፤ የአባቱም እንደዚያው። መጥሪያው ስሙን ይዞ የደረሰው ለማያውቀው ጉዳይ፣ ለማያውቃት ከሳሽ ነው። "ክቡር ዳኛ፣ እኔ የማንንም መሬት አልነካሁም" እያለ በአላህ ይምላል። ችሎቱ ሳቀ። እኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ዳኛው ማመልከቻው ተስተካክሎ እንዲቀርብ አዘው ሌላ ቀጠሮ ሰጡ። በሕግ ዓይን ቀላል ነገር ነው። ይሁን እንጂ በሁለቱ ቀጠሮዎች መካከል የበልግ ዝናብ ጣለ። እውነተኛው ተከሳሽ መሬቱን አርሶ ዘራ። እናታችን ያንን ወቅት በእኔ ብዕር ምክንያት አጡ።

በሚቀጥለው ገበያ ራፖር ጸሐፊውን ሄጄ ነገርኳቸው። አልሳቁብኝም። "ልጄ፣ እዚህ አገር ስም ሲጻፍ እስከ አያት ነው፤ ጎጡም ይጨመራል። ቅጽል ስም ካለውም ይጻፍ" አሉኝ። ከዚያም ባለጉዳይ ሲቀበሉ አጠገባቸው እንድቀመጥ ፈቀዱልኝ። ግማሽ ሰዓት ይጠይቃሉ፤ የሚጽፉት አንድ ገጽ ነው።

ጉዳዩ በኋላ በሽማግሌ ተያዘ። ሰውየው የዘራውን አጭዶ መሬቱን ሊመልስ፣ ከምርቱም ድርሻቸውን ሊሰጥ ተስማሙ፤ ዳኛውም ዕርቁን መዝገብ ላይ አሰፈሩት። እናታችን መረቁኝ። ምርቃቱን የተቀበልኩት አንገቴን ደፍቼ ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል?

የእህቴ ልጅ ስህተት ብትሠራ ከእሷ በላይ ያለው ጠበቃ ያርማታል። የእኔ ማመልከቻ ግን ማንም ሳያነበው ችሎት ገባ። ተቆጣጣሪ ተብሎ የተመደበልን መምህር የምናገኘው በስልክ ነበር፤ ሪፖርቴን ያነበበው ነጥብ ሊሰጥ ሲል ነው። ልምምድ ያለ አራሚ ሲሆን ክፍያው የሚወጣው ከባለጉዳዩ ኪስ ነው።

በሌላ በኩል አሊዩ አምባ የሰጠኝን ኒውዮርክ ለተማሪ በቀላሉ አይሰጥም። እዚያ ያለው ተለማማጅ በጋውን ሙሉ አንድም ባለጉዳይ ፊት ለፊት ሳያይ ሊጨርስ ይችላል። እኔ ስህተቴ ምን እንዳስከተለ ሴትየዋ ፊት ላይ አይቼዋለሁ።

ስለዚህ ቢሮ ያላችሁ ጠበቆች፣ በተለይም በአዲሱ አዋጅ ድርጅት ያቋቋማችሁ፣ በዓመት አንድ ሁለት ተማሪ ብትቀበሉ ብዙ አይከብዳችሁም። የትራንስፖርቱን ቻሉለት፤ ፎቶ ኮፒ ብቻ አታስነሱት፤ ባለጉዳይ ስታነጋግሩ አጠገባችሁ አስቀምጡት። የጻፈውን ደግሞ ሳታነቡ አትልቀቁ። የሕግ ትምህርት ቤቶችም ተማሪ ወደ ወረዳ ሲልኩ አራሚውን አብረው ይላኩ።

ለእህቴ ልጅ መልሼ ደወልኩላትና አሊዩ አምባ የማን ድርጅት እንደሆነ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና "ጋሼ፣ ያቺ ሴትዮ ከዚያ በኋላ አግኝተሃቸው ታውቃለህ?" አለችኝ። አላገኘኋቸውም። ዛሬም ግን ክስ ስጽፍ የተከሳሹን ስም እስከ አያቱ ሳልጠይቅ ብዕሬን አላነሳም።