ያልተመዘገበው ግብር፦ ኅዳጣን ሐኪሞች ለሙያቸው የሚከፍሉት ዋጋ



ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ እዚህ ያስተማርኳት አንዲት ወጣት ሐኪም ከአሜሪካ ደወለችልኝ። የሬዚደንትነት ሥልጠናዋን የጀመረች ሰሞን ነበር። የሌሊት ተረኛ ሆና፣ ነጭ ጋውኗን ለብሳ፣ የልብ ማዳመጫዋን አንገቷ ላይ አድርጋ ወደ አንድ ሕመምተኛ ክፍል ስትገባ፣ ሰውየው የምግብ ትሪውን እንድታነሣለት አዘዛት። ትሪውን ወደ ጎን አድርጋ ራሷን ብታስተዋውቀውም፣ «ሐኪሙ መቼ ይመጣል?» ሲል ደግሞ ጠየቃት። አብሯት የነበረው አሠልጣኝ ሐኪም ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ። እኔም ታሪኳን ከሰማሁ በኋላ የመከርኳት በአንድ ቃል ነበር፤ «ቻይው» አልኳት። ዛሬ የማስረዳችሁ ያ ምክሬ ስሕተት የነበረበትን ምክንያት ነው።

በአሜሪካ ሕክምና «ኅዳጣን» ሲባል በሙያው ውስጥ ያላቸው ድርሻ ከሕዝብ ብዛታቸው ያነሰ ወገኖች ማለት ነው። ጥቁሮች ከአገሪቱ ሕዝብ 13 በመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ ከሐኪሞቹ ግን 6 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። ይህም በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1910 አብርሃም ፍሌክስነር ስለ ሕክምና ትምህርት ቤቶች ሪፖርት ሲያወጣ፣ የጥቁሮች የሕክምና ትምህርት ቤቶች ሰባት ነበሩ። በቀጣዮቹ ዓመታት አምስቱ ተዘግተው ሃዋርድና መሃሪ ብቻ ቀሩ። የእኛው ዶክተር መላኩ በያን በ1935 የተመረቁት በዚያች ጠባብ በር አልፈው፣ ከሃዋርድ ነበር። የአሜሪካ ሕክምና ማኅበርም ጥቁር ሐኪሞችን ለረጅም ዘመን በማግለሉ ይቅርታ የጠየቀው በ2008 ነው።

በዚህ መንገድ ጥቂት እንዲሆኑ የተደረጉት ሐኪሞች ምን ይከፍላሉ? ሥነ ልቡናዊው አማዶ ፓዲያ በ1994 «የባህል ግብር» ያለው ሐሳብ፣ ኋላ በሕክምናው ዓለም «የኅዳጣን ግብር» ተብሎ ታውቋል። አሠራሩ ቀላል ነው። በአንድ የትምህርት ክፍል አንዲት ጥቁር ሐኪም ብቻ ስትኖር፣ የብዝኃነት ኮሚቴው እርሷን ይጠራል፤ አመልካቾችን ቃለ መጠይቅ የምታደርገው፣ የተከፋውን ጥቁር ተማሪ ሁሉ የምታጽናናው እርሷ ናት። እያንዳንዱ ሥራ ለብቻው ሲታይ መልካም ነው። የደረጃ ዕድገት ሲመጣ ግን የሚቈጠረው የታተመ ጽሑፍና የተገኘ የምርምር ገንዘብ ነው። ለኮሚቴው የዋለው ሰዓት ከምርምሯ፣ ከእንቅልፏና ከልጆቿ ላይ የተነሣ ነው፤ በየትኛውም መዝገብ ግን አይገኝም።

ሁለተኛው ክፍያ ከአካል ላይ ነው። ተመራማሪዋ አርሊን ጄሮኒመስ ከ1992 ጀምራ ያስረዳችው የመሸርሸር መላምት፣ ነፋስና ዝናብ ዓለትን እንደሚሸረሽሩ ሁሉ ያልተቋረጠ መገለልም ሰውነትን ያለ ዕድሜው እንደሚያስረጅ ይገልጻል። ሐኪም በአንድ ቀን ንቀት አይወድቅም። ሆኖም በየክፍሉ ደጃፍ ማንነቱን ለማስረዳት የሚዘጋጅ ሰው፣ ሰውነቱ ዕረፍት አያገኝም።

ነጭ ጋውኑም ቢሆን ሐኪሙን ራሱ ሲታመም አያድነውም። በ2020 ዶክተር ሱዛን ሙር የተባሉ ጥቁር ሐኪም በኮቪድ ታመው ሆስፒታል ተኙ። ሕመማቸው በዘራቸው ምክንያት እንደተናቀባቸው ከአልጋቸው ላይ ሆነው በቪዲዮ ተናገሩ፤ ብዙም ሳይቆዩ በዚያው ወር አረፉ። የሕክምናን ቋንቋ ከማንም በላይ የሚያውቁ ሰው እንኳ ስቃያቸውን ለማሳመን መከራከር ነበረባቸው።

አሁን ወደ ተማሪዬ ልመለስ። ሥልጠናዋን በጥሩ ውጤት አጠናቀቀች። በዚያው ሆስፒታል ማስተማር እንድትቀጥል ሲጠይቋት ግን አልተቀበለችም። «ዶክተር፣ መቻሉንስ ቻልኩት፤ ግን ደከመኝ» አለችኝ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። «ቻይው» ማለቴ «ግብሩን ዝም ብለሽ ክፈይ» ማለቴ ነበር። የሚታረመው ትዕግሥቷ ሳይሆን የአሠልጣኙ ዝምታ ነበር። እርሱ በዚያች ሌሊት «ሐኪምዎ እርሷ ናት» ቢል ኖሮ፣ ሸክሙ ከእርሷ ትከሻ ላይ በወረደ ነበር።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ለተቋም የሚሠራ ሥራ ሁሉ እንደ ሥራ ይመዝገብ፤ ጊዜ ይመደብለት፤ በደረጃ ዕድገትም ይቈጠር። ሁለተኛ፣ መልስ የመስጠት ግዴታው የተናቀው ሰው ሳይሆን በክፍሉ ውስጥ ሥልጣን ያለው ሰው ይሁን። ይህ ለአሜሪካ ብቻ የሚነገር አይደለም። ጥቂቶቹን ሴት መምህራኖቻችንን ለውክልና እያልን በየኮሚቴው የምንመድብ እኛም፣ ሰዓታቸውን ቈጥረንላቸው እንደሆነ ራሳችንን እንጠይቅ።

ከእናንተ መካከል ነገ ባሕር ማዶ የሚሠራ ይኖራል። እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባችሁ ብትደውሉልኝ፣ «ቻሉት» አልላችሁም። መጀመሪያ የምጠይቃችሁ፣ «በክፍሉ ውስጥ ሌላ ማን ነበረ?» ብዬ ነው።