የትንፋሽ ወናፍ

በአረፋ በግ ሲበለት ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ያውቀዋል። ሳንባና ልብን ከጉበትና ከጨጓራ የሚለይ ስስ ሥጋ አለ፤ ዳር ዳሩ ቀይ፣ መሃሉ ነጭና የሚያብረቀርቅ። ሐኪሞች ድያፍራም ይሉታል። እኛም አለን፤ ከትንፋሻችን አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው እሱ ነው።

ሲያርፍ እንደ ተደፋ ሳህን ሽቅብ ጎብጦ ይቀመጣል። ሲኮማተር ቁልቁል ወርዶ የሆድ ዕቃን ይገፋል፤ አየር ስንስብ ሆዳችን የሚነፋው ለዚህ ነው። በእርጋታ ስንተነፍስ የሚወርደው 1 ወይም 2 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በረጅሙ ስንስብ እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። በጎድኖች መካከል ያሉት ጡንቻዎች ደግሞ ጎድኖቹን ወደ ላይና ወደ ውጭ ያነሷቸዋል። የአንጥረኛ ወናፍ እንደዚሁ ነው፤ ሲከፈት ውስጡ ይሰፋል፣ አየር ይገባል። ለማስወጣት ግን ብዙ ጉልበት አያሻም፤ የተለጠጠው ሳንባ ራሱ ይሰበሰባል።

ታዲያ ወናፍ አየር የሚስበው ግድግዳው ሳይሟሽሽ ሲቆም ነው። የትልቅ ሰው ጎድን ይቆማል። የሕፃን ጎድን ግን ገና አልጠነከረም፤ አቀማመጡም ወደ አግድም ያደላ ስለሆነ ወደ ላይ ቢነሳም ደረቱን ብዙ አያሰፋውም። ሕፃን በሆዱ የሚተነፍሰው ለዚህ ነው። ሳንባ ምች ሲይዘው ሳንባው ፈሳሽ ቋጥሮ ይደድራል፣ አልለጠጥ ይላል። ድያፍራሙ አጥብቆ ይስባል፤ ሳንባው እንቢ ሲል ለስላሳው ግድግዳ ይሸነፍና የታችኛው ደረት ወደ ውስጥ ሰርጎድ ይላል።

ከከሚሴ ወጣ ብሎ በዳዋ ጨፋ ገጠር አንዲት እናት የሚያስል ልጇን አዝላ ጤና ኬላ ብትመጣ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በኦሮምኛ ስለ ሳሉ ከጠየቀቻት በኋላ የልጁን ልብስ ከፍ አድርጋ ሙሉ አንድ ደቂቃ ትንፋሹን ትቆጥራለች። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ላለ ልጅ 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። ቀጥላ የታችኛውን ደረት ታያለች፤ አየር ሲስብ ይገባል ወይስ ይወጣል? በጎድኖች መካከል ያለው ሥጋ ብቻ ቢገባ ደረቱ ሰርጎድ አለ አይባልም።

ልጅ ሲያስል ሁላችንም ጆሯችንን እንሰጣለን፤ እኔ ግን ዓይን ይቅደም ባይ ነኝ። ብዙ የሚያስል ልጅ ጉንፋን ብቻ ይዞት ሊሆን ይችላል፤ ሳሉ ቀላል የሆነው ደግሞ ደረቱ ሊሰረጎድ ይችላል። መታየት ያለበት ሳያለቅስና ሳይጠባ፣ ጸጥ ብሎ ሳለ፣ ደህና ብርሃን ባለበት ነው። ከተሰረጎደ ደግሞ ነገ አይባልም፤ ያኔውኑ ወደ ጤና ኬላ ነው።