የጀርባ ሕመምተኛ በምን ላይ ይተኛ? ስለ ፍራሽ ምርጫ ለታካሚዎች የምንሰጠው ምክር

ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ይዞ ወደ ተመላላሽ ክፍል የሚመጣ ታካሚ፣ ምርመራው አልቆ ማዘዣውን ከተቀበለ በኋላ ብዙ ጊዜ በር ላይ መለስ ብሎ የሚያነሣት ጥያቄ አለች፤ «በምን ላይ ልተኛ?» የምትል። የባለሙያው መልስም ለረጅም ዘመን አንድ ዓይነት ነበር፤ ጠንካራ ነገር ላይ ተኛ፣ ከፍራሹ ሥር ሳንቃ አድርግ፣ ካልሆነም መሬት ላይ አንጥፍ። ምክሩ ከመምህር ወደ ተማሪ ሲወርድ የኖረ ሲሆን በቂ ማስረጃ ግን አልነበረውም።

በጎኑ የተኛ ሰው ክብደቱ በአመዛኙ የሚያርፈው በትከሻውና በዳሌው ላይ ነው። መኝታው እንደ ሳንቃ የደረቀ ከሆነ ሁለቱ አካላት አይሰምጡም፤ በመካከላቸው ያለው ወገብ ድጋፍ አጥቶ ወደ ታች ይጎብጣል። በጀርባው ለተንጋለለም በወገቡና በመኝታው መካከል ክፍት ቦታ ይቀራል፤ ጡንቻውም ሌሊቱን ሙሉ አያርፍም። በአንጻሩ መኝታው ከልክ በላይ ለስላሳ ሲሆን ዳሌ ሰምጦ አከርካሪው እንደ ቀስት ይታጠፋል። ጠፍሩ የላላ አልጋ ወይም መሐሉ የረገበ የሽቦ አልጋ የሚያደርሰው ጉዳት ይኸው ነው። እንዲህ ባለው አልጋ ላይ ምንም ያህል ጥሩ ፍራሽ ቢነጠፍ ጥቅሙ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ስለ ፍራሹ ከመጠየቃችን በፊት ስለ አልጋው መጠየቅ ይገባናል።

በዚህ ጉዳይ ላይ በጥንቃቄ ከተሠሩት ጥቂት ጥናቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2003 በላንሴት መጽሔት የወጣው የስፔን ተመራማሪዎች ሥራ ነው። የተለየ መንስኤ ያልተገኘለት ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም የነበራቸው 313 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው፣ ገሚሶቹ ጠንካራ፣ ገሚሶቹ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ፍራሽ ተሰጣቸው። 1 እጅግ ጠንካራውን፣ 10 እጅግ ለስላሳውን በሚያመለክተው የአውሮፓ መለኪያ የመጀመሪያው 2.3፣ ሁለተኛው 5.6 ነበር። ከ90 ቀናት በኋላ አልጋ ላይ ሳሉ በሚሰማ ሕመም፣ ሲነሡ በሚሰማ ሕመምና በአካል እንቅስቃሴ ውስንነት ረገድ መካከለኛው ፍራሽ የደረሳቸው በተሻለ ሁኔታ ላይ ተገኙ፤ ልዩነቱም በኦድስ ሬሾ ሲለካ ሁለት እጥፍ ገደማ ነበር። ጥናቱ ያነጻጸረው ጠንካራውን ከመካከለኛው ጋር ስለሆነ፣ በጣም ለስላሳ ፍራሽ ይበጃል የሚል ድምዳሜ አይወጣበትም።

ወደ ገበያችን ስንመለስ፣ ታካሚው የሚያገኘው በአብዛኛው የስፖንጅ ፍራሽ ነው፤ ገንዘብ ያለው ስፕሪንግ፣ የሌለው ደግሞ ጥጥ ወይም ገለባ። ስፖንጅ ሲገዛ የሚያሳስተው የዴንሲቲና የጥንካሬ መምታታት ነው። ዴንሲቲ በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ያለው የስፖንጅ ክብደት ሲሆን፣ በይበልጥ የሚነግረን ፍራሹ ሳይረግብ ምን ያህል እንደሚቆይ ነው፤ ጥንካሬው ግን ሲጫኑት የሚሰጠው መልስ ነው። ቀላል ስፖንጅ ሱቅ ውስጥ ጠንካራ መስሎ ጥቂት ወራት ሳይቆይ መሐሉ ሊጎደጉድ ይችላል፤ በተለይ ሁለትና ሦስት ሰው በሚተኛበት ቤት። «ኦርቶፔዲክ» የሚለው ጽሑፍም በራሱ የሕክምና ማረጋገጫ እንዳልሆነ ለታካሚው መንገር ተገቢ ነው፤ በዚህች ቃል ምክንያት ከአቅሙ በላይ የሚከፍል ብዙ ነውና። በእጅ ከመዳሰስ ይልቅ በለመደው አተኛኘት አሥር ደቂቃ ያህል ተኝቶ ቢሞክር ይመረጣል። ተንጋሎ እጁን ከወገቡ ሥር ሲያሳልፍ ያለ ምንም ችግር ወዲያ ወዲህ የምትል ከሆነ መኝታው ደርቆበታል፤ ለመገላበጥ የሚታገል ከሆነ ደግሞ ለስልሶበታል። ክብደቱ ከፍ ያለ ሰው ጠንከር ያለ፣ ቀጭን ሰው ለስለስ ያለ ይሻል።

አዲስ ፍራሽ መግዛት ለማይችለው፣ እርሱም አብዛኛው ታካሚያችን ነው፣ የምንለው አለን። መደብ ላይ የሚተኛ ሰው በቁርበቱ ላይ የታጠፈ ብርድ ልብስ ወይም አሮጌ ጋቢ ደርቦ ማንጠፍ ይችላል። በጎኑ የሚተኛ በጉልበቶቹ መካከል፣ በጀርባው የሚተኛ ከጉልበቱ ሥር ትራስ ቢያደርግ ወገቡ ያርፋል። ሳንቃም ቢሆን ፈጽሞ የሚጣል አይደለም፤ የረገበ አልጋን ለማስተካከል ከፍራሹ ሥር ሲገባ ይጠቅማል። ከፍራሹ ይልቅ ሳንቃው መኝታ ሲሆን ነው የሚጎዳው። ከዚህ ሁሉ ጋር፣ ለወገብ ሕመም ቀናትን አልጋ ላይ ማሳለፍ እንደማያድን ሊነገረው ይገባል፤ እ.ኤ.አ. በ1986 በወጣ ጥናት ሁለት ቀን የተኙት ሰባት ቀን ከተኙት ያላነሰ ተሽሏቸዋል፤ ወደ ሥራቸውም ፈጥነው ተመልሰዋል።

የጠንካራ መኝታ ምክር ከቶ ሊሰጣቸው የማይገባ ሕሙማን አሉ፤ እግራቸው የማይንቀሳቀስ፣ ስሜት ያጡ፣ በጣም የከሱና ያረጁ። በነዚህ ላይ ጠንካራው መኝታ በጭራ አጥንት አካባቢ፣ በዳሌና በተረከዝ ላይ ቁስል ያወጣል። የሚተኙበት ስፖንጅ መሞቱን ለማወቅ፣ በሽተኛው እንደተኛ መዳፍን ወደ ላይ አድርጎ ከፍራሹ ሥር፣ ከጭራ አጥንቱ ትይዩ ማስገባት ነው፤ አጥንቱ ከተሰማን ፍራሹ አገልግሎቱን ጨርሷል። በመሐሉ ቀዳዳ ያለው የቀለበት መደገፊያ በዙሪያው ያለውን ቆዳ ደም ስለሚነፍግ አይመከርም። ደግሞም የትኛውም ፍራሽ በሽተኛውን በየጊዜው ማገላበጥን አይተካም።

ከሁሉ በላይ ግን «በምን ላይ ልተኛ?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ምልክት ሊሆን እንደሚችል አንዘንጋ። ተራ የወገብ ሕመም ሲያርፉ ቀለል ይላል። ተኝቶም የማይቀልለት፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰው፣ ከዚህም ጋር ትኩሳት፣ ላብ ወይም ክሳት ያለበት ሰው ፍራሽ ቢቀያይር መፍትሔ አያገኝም። በአገራችን እንዲህ ያለው ታካሚ የአከርካሪ ቲቢ እንዳለበት ሊጠረጠር ይገባል፤ ያልተፈላ ወተት የሚጠጣ ከብት አርቢ ከሆነ ብሩሴሎሲስም እንዲሁ፤ በዕድሜ በገፉት ላይ ካንሰር አይረሳ። ሕመሙን በፍራሹ እያመካኘ ወራት ያለፉበት የቲቢ ሕመምተኛ እግሩ ሰንፎ ሊመጣ ይችላል። ልብሱን አስወልቆ አከርካሪውን በእጅ መዳሰስ፣ መታ መታ አድርጎ የሚያመውን ቦታ መፈለግ፣ የእግሩን ጉልበትና ስሜት መመርመር ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል። በሽታው ገና ሲጀምር ኤክስሬይ ምንም ላያሳይ ስለሚችል ጥርጣሬው ካለ ክትትሉ አይቋረጥ። ሽንት የከለከለው ወይም በመቀመጫው ዙሪያ የደነዘዘው ታካሚ ግን ቀጠሮ አይሰጠውም፤ በዚያው ዕለት ይላካል።